እግሩ የሸሸኝ ዕለት

ወንበራችሁን ሳብ እያደረጋችሁ ወደኔ ጠጋ በሉ፤ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኝ እኔ ወደናንተ መምጣቱ ቸግሮኛል። ሻይ የያዘ ሻዩን ይዞ ይቀመጥ፣ የእጅ ሥራ ያላትም ሥራዋን ይዛ ትምጣ። የማወራው ረጅም አይደለም።

ስለ አንድ ብስክሌት ጠጋኝና ስለ እኔ ነው። መሀል ላይ ስለ ነርቭ፣ ስለ ጡንቻ፣ ስለ ህብለ ሰረሰርም ጣል ጣል ማድረጌ አይቀርም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ የሐኪም ቤት ነገር የማውቀው ወረፋውን ነው። ይህችን ታህል ግን አውቃለሁ። ዘግይቼ፣ በጣም ዘግይቼ ያወቅኳት ናት። ስሳሳት የሚያርመኝ ሰው ነበረኝ፤ አሁን የለም። ብሳሳት እለፉኝ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴ ዋናው መንገድ ላይ ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ጣቃው እስከ ጣሪያ የተደረደረበት። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እጠቀልላለሁ። ሱቁ አንድ ጥቁር ብስክሌት ነበረው፤ በእሱ ለልብስ ሰፊዎቹ ጨርቅ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። አባቴ ሰው አያምኑም፤ እኔን የሚያምኑኝም ልጃቸው ስለሆንኩ ሳይሆን እሳቸውን ስለምፈራቸው ነበር።

ጠጋኙ መንገዱን ተሻግሮ፣ ከሱቃችን ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይሠራል። መጀመሪያ ያነጋገርኩት የብስክሌቱ ፍሬን እምቢ ያለኝ ቀን ነው። ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፣ አፍንጫው ላይ ጥቁር ቅባት አለ፤ እሱ አያውቀውም፣ እኔም አልነገርኩትም። ፍሬኑን ፈቶ እያሳየኝ አስረዳኝ። ይህን እጀታ ስትጨብጪ ሽቦው በሽፋኑ ውስጥ ይሳባል፣ ሽቦው ሲሳብ ጎማውን የሚይዘው ላስቲክ ይጨብጣል አለኝ። ስለቀውስ ማን ይገፋዋል ብዬ ጠየቅኩት።

«ሽቦ መግፋት አያውቅም» አለኝ። «የሚያውቀው መሳብ ብቻ ነው። ስትለቂው የሚመልሰው ሌላ ነው፤ ይቺ ሞላ በበኩሏ ትስበዋለች።»

እንዲህ ልብሽን ያጠፋው ምኑ ነው አትበሉኝ። በዚያ ዕድሜ ልብ ለመጥፋት ምክንያት አይፈልግም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። አባቴ ሐሙስ ሐሙስ ጣቃ ሊያመጡ ወደ መጋዘን ይሄዳሉ። እኔም ሐሙስ ጠዋት በመፍቻ የፍሬኑን ብሎን ላላ አደርጋለሁ። «ተበላሸ» ብዬ እየገፋሁ እወስድለታለሁ። እሱም ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ እንደ ትልቅ ሐኪም ብስክሌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመረምረዋል። በሦስተኛው ሐሙስ «ይሄ ብስክሌት የሚያመው በሳምንት አንድ ቀን ነው እንዴ?» አለኝ። ያን ዕለት ስሜን ተወውና ሐሙስ ይለኝ ጀመር። «ደህና ነሽ፣ ሐሙስ?» «ቆየሽብኝ፣ ሐሙስ።»

ደብዳቤ የምንለዋወጠው በብስክሌቱ መሪ ነበር። መሪው ውስጡ ባዶ ብረት ነው፤ የጎማ እጀታውን ስባችሁ ስታወጡት ቀዳዳ አለው። ወረቀቱን ጠቅልሎ እዚያ ይከተዋል፣ እጀታውን ይመልሳል፣ እኔ ቤት ገብቼ አወጣዋለሁ። ጽሕፈቱ አያምርም፤ የሚጽፈውም ትንሽ ነው፤ ወረቀቱ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። አንዱን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «ትናንት ከመስታወቱ ጀርባ ቆመሽ ቀይ ጨርቅ ስትለኪ አየሁሽ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጎማ አበላሸሁ።»

የባለ ሱቅ ልጅና የጎማ ጠጋኝ። ማን እንደሚስቅብን፣ ማን እንደሚቆጣን እናውቃለን። አባቴ አጎቴ ቤት ተነጋግረው አንድ ነጋዴ እንደመረጡልኝም ጆሮዬ ደርሶ ነበር። እሱን ለጠጋኙ አልጻፍኩለትም። ሐሙስ እስኪመጣ ብቻ እኖር ነበር።

ያቺ ሐሙስ መጣች። ጠዋት እንደ ልማዴ ብሎኑን አላላሁት፤ ያን ቀን እንዲያውም ከልክ በላይ። አባቴ ግን መጋዘን አልሄዱም። ባንኮኒው ላይ ባርኔጣቸውን አስቀምጠው ወንበር ስበው ተቀመጡ። አንድ ሰው ነግሯቸዋል፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጮሁም። ጠጋኙን በእጃቸው ጠቅሰው ከመንገዱ ማዶ አስመጡት። እኔ ከጎናቸው ቆሜያለሁ።

ይህ ብስክሌት ከእንግዲህ እንደማያስፈልጋቸው፣ ወስዶ ገዢ እንዲፈልግለት ነገሩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከዚህ በኋላ መንገዱን የሚያሻግርህ ጉዳይ የለህም» አሉት። እሱ «እሺ ጋሼ» አለ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ።

ፍሬኑ። ቃሉ ጥርሴ ድረስ መጥቷል። ሦስት ፊደል ነው ልጆቼ። ግን እሱን ካልኩ «በምን አወቅሽ?» ይመጣል፤ የሐሙሱ ሁሉ ነገር በአባቴ ፊት ይዘረገፋል። ቃሉን መልሼ ዋጥኩት። እየገፋ ይወስደዋል፣ ክፍሉ አስገብቶ ያየዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

እሱ ግን አልገፋውም። ሰው ፊት ተዋርዷል፤ ተጎንብሶ መሄድ አልፈለገም። ወደ ክፍሉም አልተሻገረም፤ ወጣበት፣ ጀርባውን እንደ ሸንበቆ ቀጥ አደረገና ቁልቁለቱን ተያያዘው። ከታች የድልድዩ የድንጋይ ግንብ አለ። በመስታወቱ ውስጥ ጀርባውን አየሁት፤ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ። ከዚያ ሰዎች ሲሮጡ አየሁ። የለካሁት ጨርቅ በእጄ ላይ ነበር፤ ስንት ሜትር እንደነበር ጠፋኝ።

እህቱን ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘኋት። አከርካሪው ተሰብሯል አለችኝ። ከደረቱ በታች ምንም አይሰማውም፤ መርፌ ሲወጉት እንኳ አያውቅም፤ እግሩ እንደ እንጨት ነው፣ አንስተው ሲለቁት ዱብ ይላል። ማንንም ማየት አልፈልግም ብሏል፤ ለጊዜው አትምጪ፣ ሲረጋጋ እነግርሻለሁ አለችኝ። ሳትነግረኝ ሳምንታት ሄዱ። በቤት ውስጥ ስሙን የሚያነሳ የለም። እኔም ስለ ብሎኑ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

በስምንተኛው ሳምንት ደብዳቤ ጻፍኩ። ብሎኑን ማን እንዳላላው፣ በምን ቀን፣ ለምን፣ ሁሉንም። ሰኞ ከሰዓት ጥርሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። ዝናብ ይዘንባል፣ ጥላ አልያዝኩም። አውቶቡስ ውስጥ ከራሴ ጋር ተማማልኩ፤ ስገባ ዞሮ ካየኝ አፍ አውጥቼ እነግረዋለሁ፣ ካልቻልኩም ደብዳቤውን በእጁ አስይዘዋለሁ።

ክፍሉ ስምንት አልጋ ነበረው። የእሱ የመጨረሻው፣ ከግድግዳው የተጠጋው ነው። ከራስጌው ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ከሰዓቱ ጎን «ግራ» «ጀርባ» «ቀኝ» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም። በጎኑ ተኝቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጓል። በጉልበቶቹ መሀል ትራስ አለ። ፀጉሩ አድጓል።

ቆምኩ። ጫማዬ ውሃ ያንጠባጥባል። መግባቴን መስማት ነበረበት። አልዞረም። ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም። እግሮቹ ከብርድ ልብሱ ውጪ ነበሩ፤ ባዶ፣ ነጣ ያሉ። ከግርጌው ተንበረከክኩና አንዱን እግር በሁለት እጆቼ ያዝኩት። እጆቼ ከዝናቡ የተነሳ በረዶ ነበሩ።

እግሩ ዘለለ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ቁርጭምጭሚቱ ተቆለመመ፣ ጉልበቱ ታጠፈ፣ ከእጄ ተመንጭቆ ብርድ ልብሱ ስር ገባ። ፍም የረገጠ ሰው እንደሚያደርገው። እሱ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ፊቱ ከግድግዳው አልተነቃነቀም።

እንጨት ነው የተባለው እግር፣ ለመርፌ ያልተነቃነቀው እግር፣ እኔን ለመሸሽ ነቃ። እንዲህ ነው ያልኩት ለራሴ። ብሎኑን አይቶታል፣ ማን እንዳላላው አውቋል፤ ለሌላው የደበቀውን ጉልበት ለእኔ አሳየኝ፣ ሂጂልኝ ለማለት። ደብዳቤዬን ደረቴ ውስጥ መለስኩ። ደረጃው ላይ ፎጣ የታቀፈች አስታማሚ አገኘችኝና ማንን ፈልገሽ ነው ስትል ጠየቀችኝ። «ተሳስቼ ነው» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ በምን እንደተሳሳትኩ ነው ያላወቅኩት።

ዓመት ሳይሞላ ተዳርኩ። የልጆቼ አባት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነፍሱን ይማረው። ሦስት ልጆች ወለድን፣ ሱቁን አሰፋን፣ አባቴን ቀበርን። ከዚያ ባሌንም ቀበርኩ። ጠጋኙ ከሆስፒታል ወጥቶ በብስክሌት ጎማ የአካል ጉዳተኛ ወንበር መሥራት እንደጀመረ ሰማሁ። ትዳር መያዙን፣ ሴት ልጅ መውለዱን፣ ሚስቱ ማረፏንም ሰማሁ። ወርክሾፑ ከቤቴ አራት ፌርማታ ነው። አውቶቡሱ በዚያ ሲያልፍ ሁልጊዜ በማዶው መስኮት በኩል እቀመጣለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት፣ በማዶው መስኮት።

አንድ ማክሰኞ ይሄ ጉልበቴ አስነሳኝ። ልጆቼ ወደ አንዲት ፊዚዮቴራፒ የምትሠራ ልጅ ላኩኝ። ቀልደኛ ናት፤ ትንሽ የጎማ መዶሻ ይዛ ነው የምትዞረው፣ እኔ መዶሻዋ ነው የምላት። አልጋ ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝ፣ እግሬ ተንጠለጠለ፣ ከጉልበቴ ሎሚ በታች ጠብ አደረገችኝ። እግሬ ሽቅብ ተወርውሮ ጭኗን መታት።

ደነገጥኩ። ውይ ልጄ ይቅር በይኝ፣ ሆን ብዬ አይደለም አልኳት።

«እማማ፣ እርስዎ መቼ መቱኝ? እግርዎ ነው ሳያስፈቅድዎ ሰላም ያለኝ» አለችና ሳቀች።

ነገሩን ለማስረዳት ሰነፍ አይደለችም። ጅማቱን ስትመታው ጡንቻው ድንገት ይለጠጣል፤ ነርቩ «ተለጠጥኩ» የሚለውን ወሬ ይዞ ወደ ህብለ ሰረሰር ይሮጣል፤ ህብለ ሰረሰር ማለት አከርካሪ ውስጥ የሚያልፍ፣ ውፍረቱ የትንሽ ጣት ያህል ብቻ የሆነ ገመድ መሳይ ነገር ነው። እዚያው ሌላ ነርቭ ወሬውን ይቀበልና «ሳብ» ብሎ ወደ ጡንቻው ይመልሰዋል። ጭንቅላት የሚሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። እኔም ገባኝ፤ ሱቅ ስሠራ ደንበኛ መጥታ «ነጭ ክር አለ?» ስትለኝ አባቴን ሳልጠይቅ «አለ» ብዬ እንደምሰጣት ነው። እሳቸው ማታ ነው የሚያውቁት።

እየሳቅን ሳለ አፌ ራሱ ጠየቀ። አከርካሪው የተሰበረ ሰውስ?

መዶሻዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የእሱማ ይብሳል አለችኝ። ስብራቱ የሚቆርጠው ከጭንቅላት ጋር የሚያገናኘውን መንገድ ነው እንጂ ከታች ያለው ህብለ ሰረሰር በሕይወት አለ። መጀመሪያ ደንግጦ ለሳምንታት ዝም ይላል፤ ያኔ እግሩ እንደ እንጨት ነው። ከዚያ ይነቃል። ሲነቃ ግን ተው የሚለው የለም፤ ትንሽ ነገር ያስደነግጠዋል። ውስጥ እግሩን በቀዝቃዛ እጅ ቢነኩት ተመንጭቆ ይሸሻል።

«ሰውየውስ?» አልኳት።

«ሰውየው አያውቅም፣ እማማ። እግሩን በዓይኑ ካላየው አያውቅም። ዘመዶቹ ዳነ ብለው እልል ሲሉ ይኼን ማስረዳት ነው ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደኝ።»

በዓይኑ ካላየው። ፊቱ ወደ ግድግዳ ነበር ልጆቼ። ሌላው እልል የሚልበትን ነገር እኔ ተረግሜበት ወጣሁ። ልጅቷ ውሃ አመጣችልኝ፣ ጉልበቴ ያመመኝ መስሏት። ጠጣሁት።

ቤት ገባሁ፣ ከልብስ ስፌት መኪናዬ መሳቢያ ሥር ደብዳቤዬን አወጣሁ፣ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ያን ቀን በወዲህኛው መስኮት ተቀመጥኩ።

ወርክሾፑ ሰፊ ነው። ከጣሪያው ጎማዎች ተንጠልጥለዋል፤ የማስቲሹ ሽታ ገና ከበሩ ተቀበለኝ፣ እግሬንም ያዘው። ሴት ልጁ የብየዳ መነጽሯን አድርጋ ብረት ትበይዳለች። እሱ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ አንድ ጎማ እያሽከረከረ ቀጫጭን ሽቦዎቹን በጣቱ ይነካል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ጀርባው እንደዚያው ቀጥ እንዳለ ነው።

ጎማው ሲቆም ወንበሩን አዞረው። አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ።

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው» አለ።

ልጆቼ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያልወጣ እንባ ለካ ይህን ያህል ነው። ልጁ ወንበር አቀረበችልኝ፤ እሱ ሻይ እንድታመጣ ላካት።

«መጥቼ ነበር» አልኩት።

«የት?»

«ሆስፒታል። በስምንተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ከሰዓት። ዝናብ ነበር።»

«አልመጣሽም» አለኝ፤ በቁጣ አይደለም፤ ሰው የገዛ ልደቱን ቀን ሲነግር በሚናገረው ድምፅ።

«መጣሁ። ፊትህ ወደ ግድግዳ ነበር።»

ያን ጊዜ እጁ ላይ የነበረው መፍቻ ጭኑ ላይ ወደቀ። አልተሰማውም። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። በየሁለት ሰዓቱ ነበር የሚያገላብጡት፣ ገላው እንዳይቆስል፤ አንዴ ግራ፣ አንዴ ጀርባ፣ አንዴ ቀኝ። በራሱ መዞር አይችልም፣ ቢችልም ክልክል ነው። የዚያን ግድግዳ ስንጥቅ አንድ በአንድ ያውቀዋል፤ አንዷን ስንጥቅ የሱቃችን መንገድ ናት ብሎ ከማዶ ማዶ ይሄድባት ነበር። የእርጥብ ጫማ ድምፅ ሰምቷል። ገባ፣ ቆመ፣ ወጣ።

«አስታማሚዋ መስላኝ ነበር» አለ። ዓይኑን ገለጠና፣ «አይ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። አንቺ ትሆኚ እንደሆነ ብዬ ነበር። ማነው ብዬ ልጠይቅ አሰብኩ። አንቺ ካልሆንሽስ ብዬ ፈራሁ።»

ሁለታችን በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ አንድ ቃል ጥርሳችን ላይ ይዘን።

እግሩን እንደያዝኩት ነገርኩት። እንዴት እንደሸሸኝ፣ ምን እንደመሰለኝ፣ ምን ብዬ እንደወጣሁ። «ገፋኸኝ ብዬ ነው» አልኩት። «እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እንደገፋኸኝ ነው የኖርኩት።»

«እኔን ጠይቂኝ» አለ፤ ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። «ከሠላሳ ዓመት በላይ ለአዲስ ታማሚዎች የማስተምረው ይኼንኑ ነው። ጡንቻ መግፋት አያውቅም። እንደ ፍሬኑ ሽቦ ነው፣ ነግሬሽ አልነበር? የሚያውቀው መሳብ ብቻ ነው። በዚህ ገላ ላይ አንቺን የሚገፋ አንድም ነገር አልነበረም፣ ሐሙስ።»

ደብዳቤውን ሰጠሁት። ጥግ ጥጉ ተበልቶ ቢጫ ሆኗል። አልከፈተውም፤ ምን ይላል አለኝ። የብሎኑን ነገር ነው አልኩት። ብሎኑን ያላላሁት እኔ ነኝ፤ አባቴን ፈርቼ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።

«ሐሙስ አልነበር እንዴ?» አለኝ። «ሐሙስ ቀን ያ ፍሬን ጠብቆ አያውቅም። እንደላላ ልቤ ያውቃል። ሁልጊዜ ብስክሌቱ ላይ ከመውጣቴ በፊት በእጄ እጨብጠው ነበር። ያን ቀን አንቺ ከመስታወቱ ጀርባ እያየሽኝ እንደሆነ አወቅኩ፤ ቀጥ ብዬ መሄድ አማረኝ። ይኸው ነው።» ደብዳቤውን ሳይከፍት ቱታው ኪስ ውስጥ ከተተው። «አንቺ ላይ ፈርጄ አላውቅም። ያልመጣሽው እንዲህ ሆኜ ስላልፈለግሽኝ ነው ብዬ ነበር። እሱንም ቢሆን አልፈረድኩብሽም።»

ከሁሉ የከፋኝ ይህ ነው። እኔ ተጠላሁ ብዬ፣ እሱ ተጠላሁ ብሎ፣ አራት ፌርማታ ተራርቀን ሸበትን።

ሻዩ መጣ፣ ቀዘቀዘ። ልጁ ሁኔታችንን አይታ ወደ ደጅ ወጣች። እሱ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ቀኝ እግሩን አነሳ፣ ነጠላ ጫማውን አወለቀና ዝቅ ባለች ሣጥን ላይ አስቀመጠው።

«ያዢው» አለኝ።

«እንደገና ይሸሻል።»

«ይሽሽ። አንቺ ግን አትልቀቂ። ቁጠሪ።»

መንበርከኩ ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ ጉልበቴ እንደ አሮጌ ባንኮኒ ተንቋቋ፤ «ጉልበትሽ ከእግሬ ይብሳል» አለኝ። እጆቼ ከውጪ እንደመጡ ቀዝቃዛ ነበሩ። ያዝኩት። እግሩ ዘለለ፤ ያው ራሱ፣ ቁርጭምጭሚቱ ተቆለመመ፣ ጉልበቱ ታጠፈ። ሰውነቴ ሁሉ ልቀቂ አለኝ። ቀና ብዬ አየሁት። እሱ የገዛ እግሩን እንደ ሌላ ሰው እግር እያየው ነበር፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ፊቱ ላይ ግን የሚያም ነገር የለም። እውነትም አያውቅም። እውነትም አላወቀም ነበር።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በእጄ ውስጥ እንደ ወፍ ይንቀጠቀጣል። አምስት፣ ስድስት። ሰባት ላይ ላላ አለ። ስምንት ላይ ጉልበቱ መዘርጋት ጀመረ። አስር ስል ተረከዙ በሙሉ ክብደቱ መጥቶ መዳፌ ላይ አረፈ፤ ሸሽቶ የሚያውቅ እግር አይመስልም።

«ሁልጊዜ ይመለሳል» አለኝ። «ያኔም አስር ብትቆጥሪ ይመለስ ነበር።»

ሌላውን መዳፌንም ደረብኩበት።

ከዚያ በድሮው የሐሙስ ጠዋት ድምፁ፣ ዝግ ብሎ ጠየቀኝ። «እየሞቀ ነው?»

የራሱን እግር እኮ ነው የጠየቀኝ። ከኔ በቀር የሚነግረው አልነበረም።

«ሞቋል» አልኩት።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር ሐሙስ ሐሙስ እየሄድኩ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ፍቅር ነው አትበሉኝ፣ አይደለምም አትበሉኝ፤ ሁለት አሮጌ ሰዎች ሻይ ይጠጣሉ፣ ስለ ጎማ ያወራሉ። ኩላሊቱ ታሞ ባረፈ ጊዜ ልጁ ቱታውን ስታጣጥፍ ኪሱ ውስጥ ደብዳቤዬን አገኘችው፤ እንዳልተከፈተ ነበር። ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ከእሱ ጋር አስገባችው።

እንግዲህ ሻያችሁን ጨርሱ ልጆቼ። ጉልበቴን ደግፋችሁ አንሡኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። የምትወዱት ሰው ከእጃችሁ የሸሸ የመሰላችሁ ቀን፣ ፊቱን ግድግዳ ላይ ያደረገባችሁ ቀን፣ ደረጃውን ከመውረዳችሁ በፊት እኔን አስታውሱኝ። አትልቀቁ፤ እስከ አስር ቁጠሩ።